ልጅዎን ወደ ልጆች ሙዚየም ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ትንንሽ ልጆች ከሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች መካከል ብዙዎቹ የልጆች ሙዚየምን፣ ማለትም ልጆች ዕቃውን እየነካኩ የሚጫወቱበትንና የሚማሩበትን ቤት፣ የሚያውቁት በልደት ግብዣ ወይም ከትምህርት ቤት በመጣ ወረቀት ነው። ቦታው ውድ ይመስላል፣ ጫጫታው ያደክማል፣ ልጁም ሲወጣ ያለቅሳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሄደው የማይመለሱ አሉ። ይህ ያሳዝነኛል። በረዶ ጥሎ ውጭ መጫወት በማይቻልበት ወቅት ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ላለ ልጅ፣ በተለይም ቤቱ አማርኛ ለሚነገርበት ልጅ፣ ከዚህ የተሻለ መዋያ ማግኘት ይከብዳል። ጉብኝቱን የሚያበላሹት አብዛኛውን ጊዜ ሊታረሙ የሚችሉ ልማዶች ናቸው።

«አትንካ!» እያሉ መከተል

እኛ ያደግንበት የሙዚየም ሥርዓት ሌላ ነው። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ የድንቅነሽን ማሳያ ያየ ሰው ከመስታወቱ ፊት እጁን ሰብስቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚቆመው። ለቅርስ የሚገባው ክብርም ይኸው ነው። የልጆች ሙዚየም ግን ለሌላ ዓላማ የተሠራ ቤት ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1899 በኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ተከፈተ፤ የቦስተኑ በ1913 ተከተለ። በ1960ዎቹ የቦስተኑ ሙዚየም ዳይሬክተር የነበረው ማይክል ስፖክ ዕቃዎች ከመስታወት ሣጥን ወጥተው ልጆች በእጃቸው እንዲፈትሿቸው አደረገ። ዛሬ በየከተማው የምናየው አሠራር ከዚያ ብዙ ወርሷል።

ስለዚህ እዚያ ያለው አብዛኛው ነገር ሊነካ፣ ሊገፋ፣ ሊፈርስና እንደገና ሊገነባ የተቀመጠ ነው። ልጅ ኳሱን በቱቦው ውስጥ ደጋግሞ ሲለቅ መውደቅንና ፍጥነትን፣ ውኃውን ከትልቁ ወደ ትንሹ ዕቃ ሲያፈስ መጠንን እየመረመረ ነው። በየደቂቃው «ተው»፣ «ቀስ»፣ «አትንካ» የሚባል ልጅ ግን ዐይኑን ከዕቃው ነቅሎ የወላጁን ፊት ማንበብ ይጀምራል። ቁጣችንን ለሚገባው ቦታ እናስቀምጠው፤ ሌላ ልጅ ሲገፋ፣ ከሰው እጅ ሲነጥቅ፣ ተራ ሲጥስ። እነዚህን ሦስቱን ከመግባትዎ በፊት በር ላይ ይንገሩት። ከዚያ በኋላ እጁን ይልቀቁለት።

ለከፈሉት ገንዘብ ሁሉንም ለማየት መሮጥ

ስሜቱ ይገባኛል። ለአራት ሰው የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ አንድ ጥግ ላይ መዋል ብክነት ይመስላል። ይሁን እንጂ በዓለም ትልቁ የሆነውን የኢንዲያናፖሊሱን የልጆች ሙዚየም የመሰለ ባለ ብዙ ፎቅ ቤት በአንድ ቀን ልጨርስ የሚል ሰው የሚያተርፈው የደከመ ልጅ ብቻ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ውኃው ጋ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ለትንሽ ልጅ ይበቃል። የቀረውን ሌላ ቀን ያየዋል።

ቅናሽ መኖሩን ሳይጠይቁ ሙሉ ዋጋ መክፈል

«ሌላ ቀን» ሲባል ወጪው የሚያስጨንቃቸው ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረ «ሙዚየምስ ፎር ኦል» የሚባል ፕሮግራም አለ። የመንግሥት የምግብ ድጋፍ የሚያገኝ ቤተሰብ ድጋፉ የሚሞላበትን የኢቢቲ ካርዱንና መታወቂያውን ሲያሳይ፣ በፕሮግራሙ በታቀፉ ሙዚየሞች እስከ አራት ሰው በነፃ ወይም በነፍስ ወከፍ ከ3 ዶላር ባልበለጠ ዋጋ ይገባል። ይሉኝታ ይዟቸው ካርዱን ከቦርሳ ሳያወጡ የሚመለሱ እናቶች መኖራቸው ያስቆጨኛል። መብት ነው፤ ቲኬት ቆራጩም በየቀኑ የሚያየው ነገር ነው።

ደጋግመው ለመሄድ ካሰቡ የዓመት አባልነቱን ዋጋ ከመግቢያው ጋር ያስተያዩ። በልጆች ሙዚየሞች ማኅበር የልውውጥ መረብ ውስጥ ካለ ሙዚየም የገዙት አባልነት መረቡን የሚጨምር ከሆነ፣ በሌሎች ከተሞች ባሉ አባል ሙዚየሞች እስከ ስድስት ሰው በግማሽ ዋጋ ያስገባል። ለሰርግና ለክርስትና ከሜሪላንድ ዳላስ ለሚመላለስ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሰፈርዎ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም የሙዚየም መግቢያ ያውስ እንደሆነ ይጠይቁ፤ በርካቶቹ ያውሳሉ።

በር ላይ ሲደርሱ አማርኛውን መተው

በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ የሚናገሩ ወላጆች ሙዚየሙ ውስጥ ሰው እንዳያያቸው ወይም ልጁ ከሌሎች ጋር እንዲግባባ ብለው ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። እንግሊዝኛውን ልጁ ከትምህርት ቤት ያገኘዋል። የቤቱ አማርኛ ግን ብዙ ጊዜ «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ጫማህን አድርግ» ላይ ይቀራል፤ የሚታዘዝበት ቋንቋ እንጂ የሚጫወትበት አይሆንም።

በአብዛኞቹ የልጆች ሙዚየሞች የመጫወቻ ሱቅ፣ ማዕድ ቤትና የሐኪም ክፍል አለ። ልጅዎን ባለሱቅ ያድርጉት፤ እርስዎ ገዢ ይሁኑ። «ቲማቲም ኪሎው ስንት ነው?» «ተወደደብኝ፣ ይቀንሱልኝ።» «ምራቂ የለውም እንዴ?» «መልሴን ይስጡኝ።» በዚህ ጨዋታ ልጁ ቤት ውስጥ እምብዛም የማይለማመደውን ነገር ይለማመዳል፤ ደንበኛውን «እርስዎ» ማለት አለበት። «ምን ልስጥዎት?» ብሎ ሲጠይቅ የአክብሮቱን አነጋገር ሳይታዘዝ ያዘ ማለት ነው። ሐኪም ሲሆንም «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ይበል፤ እርስዎ «ክርኔን፣ ጉልበቴን፣ ቁርጭምጭሚቴን አመመኝ» ይበሉ።

ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ አያት ካሉ ደግሞ ቦርሳ ጠባቂ አድርገው ወንበር ላይ አያስቀምጧቸው። እዚህ ቤት እንግሊዝኛ ማንበብ አያስፈልግም። በመጫወቻው ማዕድ ቤት ስኒውን ይደርድሩ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ይቅዱ፤ ልጁ እያዞረ ያድል። ሌሎች ልጆችም መጥተው እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ይሰጣቸው። የልጁ ቋንቋና ወግ በሌሎች ፊት ተፈላጊ ሆኖ መታየቱ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ሥራውን ከልጁ እጅ መውሰድ

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን እዚህ እራቱን የሚጠብቅ ሰው የለም። ግንቡ ቢዘም፣ ቱቦው ባይገጥም ትንሽ ይታገሱ። ልጁ ዞር ብሎ ሲያይዎት «ምን ብናደርግ ይሻላል?» ይበሉት እንጂ እንጨቱን አይንጠቁት። ተቃራኒውም ስህተት ነው። የሙዚየሙ ሠራተኞች ሞግዚት አይደሉም፤ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ቀና ሲሉ ልጅን ማጣት በእነዚህ ባለ ብዙ በር ቤቶች ውስጥ ይከሰታል። ጠዋት የለበሰውን ልብስ ፎቶ ያንሡት፤ ቢጠፋ ለሠራተኛ ለማሳየት ይረዳል።

ከቤተ ክርስቲያን በነጭ ልብስ መሄድ

ውኃ አለ፣ ቀለም አለ፣ ወለል ላይ መንፏቀቅ አለ። ቅያሪ ልብስና ካልሲ ይያዙ፤ ጫማ የሚወለቅባቸው ክፍሎች አሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰው የሚበዛበት ጊዜ ነው። ጠዋት ልክ ሲከፈት መግባትና ከእንቅልፉ ሰዓት በፊት መውጣት ይሻላል። ምግብ በሚፈቀድበት ቦታ ብቻ ይብላ። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎ አይያዙ፤ እየሮጠ ሲበላ ትን ሊለው ይችላል። ዳቦና ሙዝ ይበቃል። ልጁ ካተኮሰው ወይም ካሳለው ጉብኝቱ ይቅር፤ እዚያ ያለውን ዕቃ ሕፃናት ሁሉ አፋቸው ውስጥ ይከቱታል።

ጫጫታ የማይችለውን ልጅ ቤት ማስቀረት

ኦቲዝም ያለባቸውን ወይም ድምፅና ብርሃን የሚረብሻቸውን ልጆች በማኅበረሰባችን ውስጥ «ሰው ምን ይለናል» በሚል ከአደባባይ የሚሰውሩ ቤተሰቦች አሉ። ብዙ ሙዚየሞች መብራትና ድምፅ ቀንሰው፣ የጎብኚ ቁጥር ወስነው ለእነዚህ ልጆች ብቻ የሚከፍቱት ሰዓት አላቸው። አንዳንዶቹ ጆሮ መሸፈኛ ያውሳሉ፤ ጸጥ ያለ ማረፊያ ክፍልም ያዘጋጃሉ። ስልክ ደውለው ቀኑን ይጠይቁ። እነዚህ ልጆችም መጫወት ይገባቸዋል፤ ወላጆቻቸውም ሰው ሳይገላምጣቸው የሚቀመጡበት ሰዓት ያስፈልጋቸዋል።

«በቃ፣ እንሂድ» ብሎ መጎተት

ለትንሽ ልጅ «አሥር ደቂቃ ቀረን» ትርጉም የለውም፤ «ሁለቴ ተንሸራተትና እንወጣለን» ግን ይገባዋል። ያሉትን ደግሞ ይፈጽሙ፤ ሁለት ብለው አራት ከፈቀዱ በሚቀጥለው ጊዜ ቃልዎ አይሠራም። መውጫው ላይ የአሻንጉሊት ሱቅ ካለ የሚገዛ ነገር መኖር አለመኖሩን ጠዋት ከቤት ሳይወጡ ይወስኑና ይንገሩት። እንደዚያም ሆኖ ካለቀሰ አይቆጡት፤ አቅፈው ይውጡ።