ከዋርድ የሚነሳ ንባብ፦ ደሴ ላይ ሬዚደንሲ ለጀመሩ ሐኪሞች

ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስትነት ሥልጠና) የጀመረ ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እንደ ተማሪነቱ ዘመን ትልቁን መጽሐፍ ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ ሊጨርስ ሲነሳ ነው። ዲዩቲ (አዳር ተረኝነት) ሲደራረብ ንባቡ ይቋረጣል፤ የተነበበውም ከታየው ታካሚ ጋር ስላልተገናኘ ቶሎ ይጠፋል። ንባባችሁ ከዋርድ፣ ታካሚዎች ከተኙበት ክፍል፣ ይነሳ።

ከራውንድ (ታካሚዎችን በየአልጋቸው እየዞሩ ከማየት) ስትወጡ መልሱን ያላወቃችሁትን ሁለት ጥያቄ ብቻ ጻፉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ማታ አትደርሱበትም። ጥያቄው ጠባብ ይሁን፤ «ወባ» ጥያቄ አይደለም። ከባቲ ወይም ከከሚሴ ራሱን ስቶ የመጣ ትኩሳት ያለበት ታካሚ ካያችሁና ከባድ ወባ ከሆነ፣ ጥያቄው «አርቴሱኔት (የከባድ ወባ መርፌ) ስንት፣ በየስንት ሰዓቱ፣ ወደሚዋጥ መድኃኒት የምንዞረውስ መቼ?» ነው። መልሱን በራሳችሁ ቃል ካርድ ላይ አስፍሩ፦ በኪሎ 2.4 ሚሊግራም፣ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ በኪሎ 3 ሚሊግራም፤ እንደገባ፣ በ12ኛው፣ በ24ኛው ሰዓት፣ ከዚያ በየቀኑ። ቢያንስ 24 ሰዓት በመርፌ ወስዶ መዋጥ ሲችል ሙሉ የሦስት ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ይከተላል። ከግርጌው ደግሞ ሊያመልጣችሁ የነበረውን ጨምሩ፦ የደም ስኳሩን ለካችሁ? ደሴ ደጋ ስለሆነች ወባ ከሐሳብ ይርቃል፤ ስለዚህ አስታማሚውን «ሰሞኑን ቆላ ወርዶ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ካርዱን ደጋግሞ ማየት ያወቁ ያስመስላል እንጂ አያሳውቅም። መልሱን ሸፍናችሁ ከራሳችሁ አውጡት፤ በማግስቱ፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ21ኛው ቀን ድገሙት። አንኪን (ካርድ የሚያስከልሰውን የስልክ መተግበሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ በቀን 20 አዲስ ካርድ እንዲያመጣ ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ ወደ 5 አውርዱት። አለዚያ ከሁለት ዲዩቲ በኋላ ክለሳው ይከመርና መተግበሪያውን መክፈት ያስጠላችኋል። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ እንዳትቆሙ መመሪያዎቹን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ።

በዲዩቲ ቀን አዲስ ነገር አታንብቡ፤ ትርፍ 10 ደቂቃ ከተገኘ ካርድ ይበቃል። በማግስቱ ደግሞ ቅድሚያ ለእንቅልፍ ነው። ሃያ አራት ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ፍጥነቱና ጥንቃቄው መጠጥ እንደጠጣ ሰው ይቀንሳል፤ አእምሮ የቀኑን ትምህርት የሚያጸናውም በእንቅልፍ ነው። ከዲዩቲ ወጥታችሁ የኮምቦልቻን ቁልቁለት መኪና እየነዳችሁ አትውረዱ፤ በታክሲ ሂዱ። ኑሮ ቢከብድም የዲዩቲ ማግስትን ለግል ክሊኒክ ሥራ አትስጡ፤ ብዙ ሰው የሚደክመው ከሆስፒታሉ ሥራ ይልቅ ያ ዕረፍት በመጥፋቱ ነው።

ቡናን በተመለከተ፣ ካፌይን ግማሹ ከደም የሚወጣው በአምስት ሰዓት ገደማ ነው። ማታ 4 ሰዓት የምትተኙ ከሆነ የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት አይለፍ፤ ቶናና በረካውን ጨዋታውን እየሰማችሁ እለፉት። ጫት ለንባብ የሚቅም አለ፤ እንቅልፉን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፣ የነገውንም ራውንድ ያበላሻል።

የዲዩቲ ፕሮግራም ሲወጣ ገናና ፋሲካን ሙስሊሞቹ፣ ዒድን ክርስቲያኖቹ እንዲሸፍኑ ያኔውኑ ተነጋገሩ። ወሎ ላይ ይህን መጠየቅ ማንንም አያስከፋም፤ የሚያስከፋው በዋዜማው መጠየቅ ነው። በረመዳን የሚጾመው ባልደረባችሁ ለኢፍጣር 20 ደቂቃ እንዲያገኝ የዲዩቲ ስልኩን ተቀበሉት።

የዓለም ጤና ድርጅት ከሥራ ጫና የሚመጣን መዛል በሦስት ምልክት ይገልጸዋል፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ የሠሩት ሁሉ ዋጋ ያጣ መምሰል። ሁለተኛው በአንደበት ይታወቃል፤ እማማን «አልጋ 7» ማለት ከጀመራችሁና ልጃቸው ሲጠይቅ ከተናደዳችሁ፣ እርዳታ የምትጠይቁበት ጊዜ አሁን ነው። ቺፍ ሬዚደንቱ (የሬዚደንቶቹ አስተባባሪ) ዘንድ ስትሄዱ «ደክሞኛል» ብቻ አትበሉ፤ «በዚህ ሳምንት ሦስት ዲዩቲ አለኝ፣ የረቡዑን ከማን ጋር ልቀይር?» በሉ። ለደከመ ሰው ማዘን ብቻ አይበቃም፤ የሚቀየር ቀን ያስፈልገዋል።

ዕረፍት ወስዳችሁም ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ከጠፋ፣ የሚወዱት ነገር ካስጠላ፣ ይህ ድካም ብቻ ላይሆን ስለሚችል የአእምሮ ሐኪም ይያችሁ። ከራሳችሁ ዲፓርትመንት ውጭ ያለ ሐኪም መምረጥ ለመናገር ያቀልላል። መሞትን ያነሳ ባልደረባ ካለ ደግሞ በዚያው ዕለት አብራችሁት ሂዱ፤ ለብቻው አይደር፣ የዋርዱ መድኃኒት ቁልፍም በእጁ አይሁን።