ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ይዛችሁ ለተቀመጣችሁ፦ ኮስት ሼሪንግ ከፍሎ ኦሪጅናል ስለማውጣት

ድሬ ላይ ስንቱ ሰው ቴምፖውን ላሚኔት አስደርጎ፣ ኦሪጅናል ዲግሪውን ረስቶ ይኖራል መሰላችሁ! ትዝ የሚለን የማስተርስ ዕድል ውጭ አገር ሲገኝ ነው፤ ያኔ ደግሞ ቀኑ አልቋል።

ኦሪጅናሉ እጃችሁ እንዲገባ ኮስት ሼሪንጉ፣ ማለትም ከተመረቃችሁ በኋላ የምትከፍሉት የዩኒቨርሲቲ ወጪ ድርሻችሁ፣ ማለቅ አለበት። መጀመሪያ ዕዳውን እወቁት። ኮስት ሼሪንግ (ወጪ መጋራት) የመጣው በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 91 ነው። ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ፣ ምግብና መኝታ ደግሞ ሙሉውን እናንተ ላይ ይቆጠራል። «እኔ ነን ካፌ ነበርኩ፣ የግቢ ምግብ አልበላሁም» ማለት አያድንም፣ በእጃችሁ የተቀበላችሁት የምግብ ብርም ዕዳ ነው። ከሳቢያን ሰፈር እየተመላለሳችሁ፣ እናታችሁ ቤት እያደራችሁ የተማራችሁ ግን መኝታ እንዳልተቆጠረባችሁ ቅጹን እዩት። በየዓመቱ ፎቶ ለጥፈን፣ ሳናነብ፣ ተሰልፈን የምንፈርመውን ቅጽ ማለቴ ነው።

ተቀጥራችሁ ከሆነ አሠሪያችሁ ከደመወዝ ቀንሶ ለገቢዎች ያስገባል። ደንቡ ከወር ገቢ ቢያንስ 10 በመቶ ይላል። ለመምህርነት የሠለጠነ ሰው በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት የሚያካክስበት መንገድ አለ፣ እሱን ለብቻው ጠይቁ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። «ቀንሶ ያስገባል» አልኩ አይደል? እኔ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ፔይሮሉ ላይ ከጡረታ ቀጥሎ «ኮስት ሼሪንግ» የምትል መስመር በየወሩ አለች፤ እኔም ዕዳዬ እየቀለለ ነው ብዬ ተኝቻለሁ። ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚል ማስረጃ) ልጠይቅ ገቢዎች ስሄድ ሠራተኛዋ ቲን ቁጥሬን አስገባችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ባዶ! ከኔ ተቆርጧል፣ ግን የትም አልገባም። ለማስተካከል አራት ወር ተመላለስኩ፤ የረዳኝ በፌስታል ያስቀመጥኩት የደመወዝ ወረቀት ብቻ ነው።

ስለዚህ ፋይናንስን አታፍሩት። ቢያንስ በየሦስት ወሩ ገንዘቡ የገባበትን ደረሰኝና ስማችሁ ያለበትን ዝርዝር ኮፒ አድርጉ። ሥራ ስትቀይሩ ደግሞ ከመቼ እስከ መቼ ስንት ብር እንደተቆረጠ የሚገልጽ ማህተም ያለው ደብዳቤ ሳትይዙ አትውጡ፣ ከወጣችሁ በኋላ ማን ያስተናግዳችኋል?

ዕዳው ሊያልቅ ሲል ዩኒቨርሲቲያችሁ ሄዳችሁ የጠቅላላ ዕዳችሁን ደብዳቤ አውጡ። የሐረማያ ልጆች የደንገጎን ዳገት መውጣታችሁ ነው፤ ጤና የተማራችሁት ደግሞ ሐረር ግቢ ድረስ ልትሄዱ ትችላላችሁና ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ገቢዎች ገብታችሁ የቀረውን ከፍላችሁ ክሊራንሱን ተቀበሉ። እሱንና ቴምፖውን ይዛችሁ ሬጅስትራር። ሁሉንም ሁለት ሁለት ኮፒ አድርጉ፣ መብራት ከጠፋ ኮፒ ቤት የለም። ደግሞ አቦ፣ በጠዋት ሂዱ፤ በድሬ ሙቀት ከምሳ በኋላ ጉዳይ አስጨርሳለሁ ያለ ሰው የሚያገኘው ባዶ ወንበር ነው።