የግብርና ምርምር ጥምረቶች በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምርምር ተቋማት ተጣምረው በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ሥራቸውን ለማስፋት ሲነሡ፣ ስንት ተከታይ እናፈራለን ከማለታቸው በፊት ማን ያነበናል ብለው ሊጠይቁ ይገባል። በአገራችን አንባቢው ብዙ ጊዜ ምክሩን ወስዶ ለገበሬው የሚያደርሰው የቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶችም በአብዛኛው እርሱን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ገጹን የስብሰባ አልበም ማድረግ ነው። የዐውደ ጥናት ፎቶግራፍ ለተሳታፊዎቹ ማስታወሻ ይሆናል፤ በራሱ ገንዘብ ዳታ ለሚገዛው ሠራተኛ ግን ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው በተመራማሪ ቋንቋ መጻፍ ነው። ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው የጤፍ ዝርያ በመዝገብ ዲዜድ-ሲአር-387 ተብሎ ቢሰፍርም፣ ገበሬው የሚያውቀው ቁንጮ በሚለው ስሙ ነው። የተወደደውም ምርታማነትን ገበያው ከሚፈልገው ነጭነት ጋር ስላጣመረ ነውና፣ ልጥፉ ከዚህ ቢጀምር ቁጥሩ ለሚፈልገው ሰው ከግርጌ ሊቀመጥለት ይችላል።

ሦስተኛውና በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው፣ ውጤትን ያለ ገደቡ ማውጣት ነው። ጤፍን በመስመር መዝራት በብተና ሲዘራ በሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይፈጅ የነበረውን ዘር ወደ 5 ኪሎ ገደማ እንደሚያወርደው ብቻ ጽፎ ማለፍ፣ ሐምሌ ላይ በጭቃ ውስጥ ቤተሰቡን ይዞ ሲያጎነብስ የዋለውን ገበሬ ያስቆጣል። ሥራው ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ አብሮ ያልጻፈ ተቋም በሚቀጥለው ዓመት የሚጽፈውን የሚያምነው አያገኝም።

አራተኛው የሰብሉን ወቅት ለቢሮ ሥርዓት ማስገዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው በሽታ ኩብሳ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ መምታቱ ይታወሳል። ዋግ ነፋስ እየተሸከመው የሚዛመት በሽታ ስለሆነ፣ ማስጠንቀቂያው የአባል ተቋማቱን ፊርማ እያሰባሰበ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ከመርጨቱ ጊዜ በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ የበሽታና የተባይ መልእክት በአንድ ኃላፊ ውሳኔ እንዲወጣ አባላቱ ክረምት ሳይገባ ሊስማሙ ይገባል።

የመጨረሻው ጥያቄን ያለ መልስ መተው ነው። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. አገራችን ከገባ ወዲህ የተበላ የበቆሎ ቅጠል ፎቶግራፍ አንሥቶ ምን ልርጭ ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። በጥምረት ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ አባል ሌላው ይመልሳል ብሎ ስለሚጠብቅ፣ ቀድሞ የሚመልሰው ኬሚካል ሻጩ ይሆናል። ለየሰብሉ ተረኛ ባለሙያ መመደብ ያስፈልጋል፤ ተረኛው እርግጠኛ ካልሆነም ከቅጠሉ ጀርባና ከሙሽራው (ገና ካልተዘረጋው የመሐል ቅጠል) ውስጥ ተጨማሪ ፎቶግራፍ እንዲላክለት በዚያው ቀን ይጠይቅ።