ግሉኮሳሚንን ለጉልበት ሕመም እንዴት መሞከር ይቻላል?

ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ለእናትና ለአባት ይዞ ከሚመጣቸው ነገሮች አንዱ ለመገጣጠሚያ ሕመም ተብሎ የሚዋጠው የግሉኮሳሚን ብልቃጥ ነው። ክኒኑ አንዳንድ ቀን ይዋጣል፣ አንዳንድ ቀን ይረሳል፤ በመጨረሻም መጥቀሙ ወይም አለመጥቀሙ ሳይታወቅ ያልቃል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የመገጣጠሚያው ካርቲሌጅ (የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ አካል) እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣውን፣ ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ የሚሉትን ሕመም ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ሕመሙ ይህ መሆኑን በሐኪም ያረጋግጡ። ጠዋት ሲነሡ ከግማሽ ሰዓት በታች የሚቆይ መተሳሰር፣ እንዲሁም ደረጃ ሲወርዱ የሚብስና ሲያርፉ የሚቀል ሕመም የተለመዱ ምልክቶች ናቸው። መገጣጠሚያው ቀልቶ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ትኩሳት ካለ ወይም የጠዋቱ መተሳሰር ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ ጉዳዩ ሪህ፣ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ብግነት ሊሆን ስለሚችል ክኒኑን ትተው ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግሉኮሳሚን መጀመር የለበትም፤ ሁለቱ ሲገናኙ የመድማት አደጋ ሊጨምር ይችላል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ቢተዉት ይመረጣል። የስኳር ሕመምተኞች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደም ስኳራቸውን ደጋግመው ይለኩ። አብዛኛው ግሉኮሳሚን የሚሠራው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ሲሆን፣ አብሮት የሚሸጠው ኮንድሮይቲን የተባለው ሌላ የመገጣጠሚያ ማሟያ ደግሞ ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከሻርክ ይወጣል። ስለዚህ አለርጂ ያለባቸው፣ ጿሚዎችና በሃይማኖታቸው ምክንያት ከእነዚህ የሚታቀቡ ሁሉ ምንጩን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከእንስሳት ያልተሠራ ግሉኮሳሚንም ገበያ ላይ አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሲያነብ ነው። በብልቃጡ ፊት በትልቁ የታተመው 1500 ሚሊ ግራም ብዙ ጊዜ በአንድ ክኒን ውስጥ ያለውን መጠን አያመለክትም። በጀርባ በኩል በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ሠንጠረዥ ሲያዩ ይህ መጠን የሚገኘው ከሁለት ወይም ከሦስት ክኒን መሆኑን ይረዳሉ። ሁለት ክኒን ከሆነ፣ 120 ክኒን የያዘው ብልቃጥ የሚበቃው ለሁለት ወር ብቻ ነው፤ እንዲበረክት ብለው በቀን አንድ ብቻ የሚውጡ ሰዎች በጥናት ከተሞከረው መጠን ግማሹን እየወሰዱ «አልሠራልኝም» ይላሉ።

ሁለተኛው መታየት ያለበት የጨው ዓይነት ነው። ግሉኮሳሚን ሰልፌት ብቻውን ቶሎ ስለሚበላሽ በሶዲየም ክሎራይድ ወይም በፖታሲየም ክሎራይድ እንዲረጋ ይደረጋል። ጽሑፉ «ግሉኮሳሚን ሰልፌት ፖታሲየም ክሎራይድ 1500» የሚል ከሆነ፣ በውስጡ ያለው ግሉኮሳሚን ሰልፌት 1130 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን የቀረው ጨው ነው። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ፖታሲየም ያለበትን፣ የደም ግፊት ያለባቸው ደግሞ ሶዲየም ያለበትን ሐኪም ሳያማክሩ ባይወስዱ መልካም ነው። እርድ፣ ኮላጅንና ሌላም ብዙ ነገር በአንድነት የተቀላቀለበትን ክኒን እኔ አልመክርም፤ ቢጠቅምም ሆነ ቢጎዳ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። በአሜሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት እንደ ግሉኮሳሚን ያሉ ማሟያ ምርቶች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት እንደ መድኃኒት ስለማይፈቀዱ፣ ይዘቱ መመርመሩን የሚያሳየው የዩ ኤስ ፒ ምልክት ያለበትን መምረጥ ይሻላል።

አወሳሰዱ ቀላል ነው፤ ሆድ እንዳይረብሽ ከምግብ ጋር ይውሰዱት። የቀኑን መጠን በአንድ ጊዜ መውሰድ ስለሚቻል፣ በጾም ወቅት ከመጀመሪያው ማዕድ ጋር ይበቃል።

ከመጀመርዎ አንድ ሳምንት አስቀድመው ሕመምዎን በየማታው ከ0 እስከ 10 እየለኩ ይጻፉ፤ የዋጡትን ማስታገሻ ብዛትም ይመዝግቡ። ያለ መዝገብ የሚሰጥ ፍርድ ዋጋ የለውም። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጉልበት ሕመም ባለባቸው 1583 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሲታተም፣ መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት መካከል እንኳ 60 በመቶ ያህሉ ሕመማቸው ቀንሶ ነበር፤ ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን በአጠቃላይ ከማስመሰያው ጎልተው አልታዩም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ መመሪያም ግሉኮሳሚንን አይደግፍም። በዚህ ምክንያት ተስፋዎን በልኩ ያድርጉ፤ ሦስት ወር በትክክለኛው መጠን ወስደው መዝገቡ ለውጥ ካላሳየ ያቁሙ። ገንዘቡን ለፊዚዮቴራፒስት ቢያውሉት ይሻላል፤ የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ ለጉልበት ከክኒኑ የተሻለ ማስረጃ አላቸው።

ግሉኮሳሚን ቢሠራ እንኳ ሳምንታት ይፈልጋል። «ተፈጥሯዊ» የተባለ የመገጣጠሚያ ክኒን በሁለት ቀን ሕመሙን ድራሹን ካጠፋው ይጠርጥሩ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2022 እ.ኤ.አ. አርትሪ ኪንግ በሚል ስም በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ በብልቃጡ ጽሑፍ ላይ ያልተገለጹ ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻና ዴክሳሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ መገኘታቸውን አስጠንቅቋል። ዴክሳሜታሶን ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ በኋላ በድንገት ማቆም ራሱ አደገኛ ስለሆነ፣ እንዲህ ዓይነት ክኒን ሲወስዱ የቆዩ ከሆነ ብልቃጡን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ እንዴት እንደሚያቆሙት እሱ ይወስንልዎታል።