ጢስ ዓባይን በአንድ ቀን እንዴት አይቶ መመለስ ይቻላል?

ባህር ዳር የሚኖር ሰው እንግዳ ሲመጣበት አንድ ዕዳ አለበት። እንግዳው ጣናን አይቶ፣ ዓሣውን በልቶ፣ ገዳማቱን ተሳልሞ ሲጨርስ «ጢስ ዓባይስ?» ይላል። ይህን ዕዳ ስከፍል ዓመታት አልፈዋል። አንዴ ግን ክፉኛ አፈርኩ። አክስቴ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ መጥታ ይዣት ሄድኩ። ሚያዝያ ነበር። በዚያ ፀሐይ ተጉዘን ስንደርስ፣ ጥቁሩ ገደል ላይ እንደ ነጠላ ጥለት የቀጠነ ውሃ ይወርዳል። አክስቴ ጥላዋን እንደያዘች ዝም ብላ አየችና «ድሮ የአንድ ብሩ ጀርባ ላይ የነበረው ይሄ ነው?» አለችኝ። ነው፣ እሱ ራሱ ነው። «እንግዲያውስ ብሬን መልስልኝ» አለች።

ስለዚህ ከቦርሳውም ከመኪናውም በፊት ቀኑን ምረጡ።

ቀኑን መምረጥ

ወደ ጣና ከ60 በላይ ወንዞችና ጅረቶች ይገባሉ። በተፈጥሮ የሚወጣው ግን አንዱ ዓባይ ብቻ ነው። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሰፋ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ሲጎድልም ቀስ ብሎ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የጣለው ዝናብ መስከረም ላይም ሐይቁን ሙሉ ያቆየዋል። ለእኛ ትልቁ ምሥጢር ይሄ ነው። ዝናቡ አቁሞ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ መንገዱ ጠንከር ብሎ፣ ፏፏቴው ግን ገና ያልጎደለበት ጊዜ አለ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ነው። እኔን ከጠየቃችሁ ከዚያ የተሻለ የለም።

ነሐሴ የሚመርጡ አሉ። ኃይሉን ለማየት ከሆነ እውነት አላቸው። ግን ውሃው የጭቃ ቀለም ይይዛል፣ ጉም ገደሉን ሊሸፍነው ይችላል፣ ወንዙ ሲበረታም ጀልባ አያሻግርም። ከታኅሣሥ በኋላ እየቀጠነ ይሄዳል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ከሆነ እንግዳችሁን ሌላ ቦታ ውሰዱት።

የመቅጠኑ ጥፋት የበጋው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሐይቁ መውጫ ላይ ያለው ጨረጨራ የሚባለው ግድብ በሮቹን እየከፈተና እየዘጋ ውሃውን ይለካዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ደግሞ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምሩ፣ ውሃውን ከፏፏቴው በላይ እየጠለፉ መውሰድ ጀመሩ። ከ2010 ወዲህ ደግሞ ጣና በለስ በምዕራብ በኩል በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ከሐይቁ ራሱ ይቀዳል። መብራቱን እኔም አበራለሁ፣ ስለዚህ ብዙ አልናገርም።

ከመሄዳችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ መናኸሪያ ብቅ በሉና የጢስ ዓባይን መስመር የሚሠራ ሹፌር ወይም ረዳት ጠይቁ። «ውሃው እንዴት ነው?» በሉት። በየቀኑ ስለሚመላለስ ያውቃል። በዚያው አፋችሁ «መንገዱስ ሰላም ነው?» ማለትን አትርሱ። «ቆይ» ካላችሁ ቆዩ።

ምን ይያዝ?

ጫማ። ሌላው ሁሉ ይቀልላል። መንገዱ ድንጋይ፣ ጭቃና ቁልቁለት ነው። ነጠላ ጫማ አድርጎ መጥቶ ግማሽ መንገድ ላይ በባዶ እግሩ የቀረ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። የአካባቢው ሰው ኮንጎ ጫማ አድርጎ ዱብ ዱብ እያለ ሲያልፋችሁ አትቅኑ፣ ልምድ ነው። መሬት የሚይዝ ሶል ያለው ጫማ ይበቃል። ከዚያ ውጪ ቀለል ያለ የዝናብ ልብስ፣ ውሃ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ስልኩን የምትጠቀልሉበት ፌስታልና ዝርዝር ብር ያዙ። ዝርዝር ያልኩት ለጀልባውም፣ ልጆቹ ለሚሸጡት ቅልና ሻርፕም ይሆናል ብዬ ነው።

መንገዱ

ከባህር ዳር ወደ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ብትገኙ ጥሩ ነው። መኪናው የሚነሳው ሲሞላ ስለሆነ መጠበቅ አለ። አራት አምስት ሆናችሁ ከሆነ ኮንትራት ይዛችሁ ሂዱ። ዋጋ ስትነጋገሩ «ደርሶ መልስ፣ ከነማቆያው» በሉ። ይህቺን ቃል የዘለለ ሰው ፏፏቴው ጋ ሆኖ ሰዓቱን ሲያይ ይውላል። በሕዝብ መኪና ከሄዳችሁ ደግሞ ስትወርዱ የመጨረሻው መመለሻ መቼ እንደሚነሳ ረዳቱን ጠይቁት። አንዳሳን አልፋችሁ በጤፍና በዳጉሳ ማሳ መሀል ትሄዳላችሁ። መስከረም ከሆነ አደይ አበባው በየዳገቱ ነው።

በእግር

ጢስ ዓባይ ከተማ ስትደርሱ መጀመሪያ ቲኬት ቁረጡ፣ ደረሰኙንም ያዙ። አስጎብኚ እዚያው ታገኛላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ውሰዱ፣ በተለይ ጭቃ ካለ እጅ የሚሰጥ ሰው ዋጋ አለው።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በጀልባ ተሻግሮ ቶሎ የሚያደርሰው ነው። ሌላው በድልድዩ ዞሮ የሚወርደው ነው። የኔ ምክር በድልድዩ ገብታችሁ በጀልባው እንድትወጡ ነው። ፏፏቴው ቀስ በቀስ ይገለጥላችኋል፣ ሲደክማችሁ ደግሞ አጭሩ መንገድ ይቀራችኋል።

ቁልቁል ስትወርዱ አላታ ድልድይ ላይ ትደርሳላችሁ። ብዙ ሰው የፖርቹጋሎች ድልድይ ይለዋል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። ፎቶ አንስታችሁ አትለፉ። ወደ ታች እዩ። ላይ 400 ሜትር የሚሰፋው ዓባይ እዚህ በጠባብ ገደል ተጨምቆ ያልፋል። ከጎናችሁ ደግሞ አህያ የጫነ ገበሬ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ያልፋል። ለእሱ ከአራት መቶ ዓመት በኋላም የገበያ መንገድ ነው።

ከድልድዩ ወዲያ ዳገት አለ። እዚህ ብዙ ሰው ያለከልካል። ቀስ በሉ፣ በጎጆዎቹ መሀል ስታልፉም ሰላምታ አትንፈጉ። ድምፁ የሚመጣው ከውሃው በፊት ነው። መጀመሪያ ሩቅ ያለ ነጎድጓድ ይመስላል። ቀጥሎ ከገደሉ በላይ ነጭ ጢስ ታያላችሁ። ስሙ የመጣው ከዚህ ነው፣ አንዳንዶችም ጢስ እሳት ይሉታል። ዞር ስትሉ ፏፏቴው ሙሉውን ፊት ለፊት ይቆማል። ከፍታው 40 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ብቻውን አያስደነግጥም፣ የሚያስደነግጠው ስፋቱ ነው።

ቀስተ ደመና የምትፈልጉ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ መሆኗን እዩ። ቀስተ ደመና ሁልጊዜ ከፀሐይ በተቃራኒ ነው የሚወጣው። ካላያችሁት ሃምሳ እርምጃ ወደ ጎን ተጠጉ፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

ከመመልከቻው ወርዳችሁ በአላታ ጅረት ላይ የተዘረጋውን የሚወዛወዝ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ውሃው ትጠጋላችሁ። ከፍታ የሚፈራ ሰው ካለ መሀል አስገቡት እንጂ አትሳቁበት። ጢሱ ያረጥባችኋል፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል። ጫፍ ላይ ሆኖ ሰልፊ አይነሳም። አክስቴ በጥቅምት ደውዬላት ተመልሳ መጥታ እዚህ ጋ ነጠላዋ እስኪጨመቅ ረጠበች። ስለ ብሩ ድጋሚ አላነሳችም።

ከዚያ ወደ ላይ ወጥታችሁ ከፏፏቴው በላይ ጀልባ ይዛችሁ ትሻገራላችሁ። ውሃው እዚያ ጋ ጸጥ ያለ ይመስላል። አትመኑት፣ እንዋኝ የሚል ጓደኛ ካለ ክንዱን ያዙት። ቀስ ብሎ በሚሄድ ውሃ ዳር ቢልሃርዝያም አለ። ጀልባው ካልሠራ በመጣችሁበት ድልድይ ትመለሳላችሁ፣ ለዚያ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ያዙ። ዙሩ በጠቅላላ ከነፎቶው ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ቶሎ ከተነሳችሁ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ባህር ዳር ናችሁ። ጭቃውን ከጫማችሁ አራግፉና ሐይቁ ዳር ተቀምጣችሁ ዓሣ ለብለብ እዘዙ። ቆሮሶ መሆኑን ጠይቁ፣ ካልጠየቃችሁ አምባዛ ያመጡላችኋል።