ጳጉሜን 6ን ሳትፈትሹ ኮዱን አትልቀቁ

ፓይተን ላይ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ፈንክሽን ለምትጽፉ፦ ቴስታችሁን በግንቦት ቀን ብቻ አትሞክሩት፤ እሱማ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ስህተት የሚደበቀው ጳጉሜን ላይ ነው። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፈው ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ 2015 እንደዚያ ነበር። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 መውጣቱን በአንድ መስመር አሰርት (assert፦ ውጤቱ ከተጠበቀው ከተለየ ስህተት የሚያነሳ ትእዛዝ) አረጋግጡ። የ2017ቱ መስከረም 1 ግን ሴፕቴምበር 11 ላይ ነው የዋለው፤ እሱንም ጨምሩ። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የሚባል ቀን ስለሌለ ኮዱ ቫልዩ ኤረር (ValueError፦ የተሰጠው ዋጋ ልክ አይደለም የሚል ስህተት) ማንሳት አለበት፤ ይህን ፓይቴስት በሚባለው የፓይተን መፈተሻ መሣሪያ ሬይዝስ (pytest.raises) ትይዙታላችሁ። የቴስት ፋይሉን ስም በቴስትና በአንደርስኮር (test_) ጀምሩ ወይም በአንደርስኮርና በቴስት (_test.py) ጨርሱ፣ የቴስት ፈንክሽኑንም ስም በቴስት ጀምሩ፤ ያለዚያ ፓይቴስት በራሱ አያገኛቸውም (እኔ ግማሽ ቀን የፈጀሁት እዚህች ላይ ነው)።