ገበያ ይሻላል ወይስ ሱፐርማርኬት? ለንደን ላይ ዋጋ ስናወዳድር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለንደን አዲስ የገባ ሰው ቶሎ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «አትክልት ከገበያ ግዛ፣ ሱፐርማርኬት ውድ ነው» የሚለው ነው። ትንሽ ቆይቶ ሌላው ይመጣና «ገበያ ያጭበረብሩሃል፣ ሱፐርማርኬት ይሻልሃል» ይለዋል። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚመክሩት። ግን ሁለቱም ያወዳደሩት የተለጠፈውን ዋጋ ነው፣ ድስት ውስጥ የገባውን አይደለም። ወር እስኪደርስ በጠባብ ገንዘብ ለሚኖር ሰው፣ አገር ቤትም ለሚልክ ሰው፣ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ሳህኑን ከኪሎ ጋር ማወዳደር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ዳልስተን ያለው ሪድሊ ሮድ ሂዱ፣ ብሪክስተን ኤሌክትሪክ አቬኑ ሂዱ፣ ሉዊሻም ሂዱ፣ አትክልት በጎድጓዳ ሳህን ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። እኛ አገር መደብ የምንለው ዓይነት ነው። አንድ ሳህን ቲማቲም፣ አንድ ሳህን ቃሪያ፣ አንድ ሳህን ዝንጅብል፣ ዋጋው ካርቶን ላይ ተጽፎ ተሰክቶበታል። ሱፐርማርኬት ደግሞ በኪሎ፣ በፓኬት ወይም በፍሬ ነው። ታዲያ ሳህኑ ስንት ኪሎ ይወጣዋል? ዓይን ብዙ ያሳያል።

አንድ ቅዳሜ የገዛሁትን ቤት ወስጄ በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩት። በ1.50 ፓውንድ የገዛሁት ቲማቲም 850 ግራም ሆነ። ኪሎው 1.76 ማለት ነው፣ ደስ አለኝ። ለቁሌት ልከትፈው ስገለብጠው ግን ከሥር የነበሩት ፈርጠዋል፣ አንዱ ጎኑ ሻግቷል። እነሱን ጥዬ እንደገና ስመዝን 610 ግራም ቀረ። ኪሎው ወደ 2.46 ወጣ። በዚያው ቀን፣ ከዚያው ሰውዬ፣ በዚያው ዋጋ የገዛሁት ቃሪያ ግን አንድም የሚጣል አልነበረውም። ሱፐርማርኬት በዚያ ገንዘብ የሚሰጠኝ ሁለት ትንንሽ ፓኬት ነበር። ስለዚህ «ገበያ ርካሽ ነው» ወይም «ገበያ ውድ ነው» የሚባል ነገር የለም፣ የቲማቲሙ ሌላ የቃሪያው ሌላ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ እየመዘናችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ ከዚያ በኋላ እጃችሁ ራሱ ይለምደዋል።

ፓውንድና ፓውንድ

ፓውንድ ገንዘቡም ነው፣ ክብደቱም ነው። እንግሊዝ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2000 ጀምሮ በኪሎ መሸጥን ግዴታ ብታደርግም፣ የድሮውን መለኪያ ጎን ለጎን መጻፍ አልተከለከለም። አንዳንዱ ሻጭ ታዲያ የድሮውን በትልቁ፣ ኪሎውን በትንሹ ይጽፋል። አንድ የክብደት ፓውንድ 454 ግራም ገደማ ነው፣ ከግማሽ ኪሎም ያንሳል። በእሱ የተጻፈውን ዋጋ እንደ ኪሎ ካነበባችሁት ከእጥፍ በላይ ተሳሳታችሁ። ሱፐርማርኬትም ቢሆን መደርደሪያው ላይ ባለችው ትንሽ ጽሑፍ አንዱን ዕቃ በኪሎ፣ ጎኑ ያለውን በ100 ግራም ወይም በፍሬ የሚያሳይበት ጊዜ አለ። ትልቁን ቁጥር ትታችሁ ትንሿን አንብቡ።

ገበያ የተባለውን ሁሉ አንድ ማድረግ

ለንደን ብሪጅ አጠገብ ያለው ባራ ማርኬትም ገበያ ነው። ቆንጆ ነው፣ ጥሩ ምግብ አለው፣ ግን ለሳምንት አስቤዛ የሚኬድበት አይደለም። እዚያ የአይብ ዋጋ አይቶ «የለንደን ገበያ እሳት ነው» የሚል ሰው ሪድሊ ሮድን አላየም።

ያልተመሳሰለ ዕቃ ማወዳደር

ለዚህ ከዶሮ የተሻለ ምሳሌ የለም። የሱፐርማርኬቷ ርካሽ ዶሮ በሳምንታት ውስጥ ያደገች ጫጩት ናት ማለት ይቻላል። ለጥብስ ትሆናለች። ዶሮ ወጥ ውስጥ ግን ቁሌቱ ሳይበስል እሷ ትፈራርሳለች፣ አጥንቷ ለብቻው ይንሳፈፋል። የገበያ ሥጋ ቤቶች፣ በተለይ ምዕራብ አፍሪካውያን የሚገዙባቸው፣ «ሃርድ ቺክን» የምትባል እንቁላል ጥላ የጨረሰች ዶሮ አላቸው። እሷ ናት ወጡን የምትችለው። የሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይሄኛው ይረክሳል» ማለት ትርጉም የለውም። ሌላም አለ፣ ከእነዚህ ሥጋ ቤቶች ብዙዎቹ ሐላል ናቸው። ሐላል ለማይበላ ክርስቲያን ያ ዋጋ ለእሱ የለም፣ ከስሌቱ ማውጣት አለበት።

የሚቆይበትን ቀን መርሳት

የገበያ ነጋዴው ዕቃውን ሌሊት ተነስቶ ሌይተን ካለው ኒው ስፒታልፊልድስ ዓይነት ጅምላ ገበያ ያመጣል። በርካሽ የተገኘው ብዙ ጊዜ የበሰለና ዛሬ ነገ መበላት ያለበት ነው። ለትልቅ ቤተሰብ ሲሳይ ነው። ብቻውን ለሚኖርና በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ግን ግማሹ ማክሰኞ ቆሻሻ ውስጥ ነው። የተጣለው የተከፈለበት ነው።

ሰዓቱን፣ ቅርንጫፉን፣ ካርዱን አለማየት

በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያለው የገበያ ዋጋና አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ ያለው አንድ አይደለም፣ ሊዘጉ ሲሉ «ሁለቱን በአንዱ ዋጋ» የሚለው ጩኸት ይጀምራል። ምራቂም የምትጠይቁት ያኔ ነው። ሱፐርማርኬትም ማታ ላይ ቢጫ ወረቀት ለጥፎ ይቀንሳል። የጠዋቱን ከማታው ጋር ካወዳደራችሁ ስለ ሰዓት እንጂ ስለ ቦታ አላወቃችሁም። ደግሞ የአንዱ ሱፐርማርኬት ሰፈር ውስጥ ያለች ትንሽ ቅርንጫፍ ከትልቁ ይልቅ ብዙ ዕቃ ላይ ትጨምራለች። ቴስኮና ሴንስበሪስ ጋ ደግሞ የሱቁ የደንበኝነት ካርድ ያለውና የሌለው ብዙ ዕቃ ላይ የሚከፍሉት ይለያያል። ካርዱ ነፃ ነው፣ አውጡት።

ወደ ብር መቀየር

ይሄን ተዉት። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ከ100 በላይ ወጥቷል። ሽንኩርቱ አልተወደደም፣ የለካችሁበት ሜትር ነው የተቀየረው። በሰዓት ስንት እንደምታገኙ አስቡና በዚያ ለኩት።

የአውቶቡሱንም አትርሱ። መሄጃም መመለሻም ይከፈላል። መጀመሪያ ካርድ ካስነካችሁበት በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመልሳችሁ ከተሳፈራችሁ ግን መመለሻው አይቆጠርም። ሁለት ሳህን ቃሪያ ለመግዛት ብቻ ከተማ ማቋረጥ ግን በጭራሽ አያዋጣም።

በአንድ ዕቃ መፍረድ

ከመዘንኩት ተነስቼ ስናገር፣ ቃሪያ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንብላል ከገበያ፣ ወተት፣ ዘይት፣ ዱቄትና ስኳር ከትልቁ ሱፐርማርኬት እገዛለሁ። ሽንኩርት በጆንያ ከቱርክ ወይም ከህንድ ሱቅ ነው። ይህ ሁሉ ግን ዲሴምበር ሲመጣ ይገለበጣል። የፈረንጅ ገና ሰሞን ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ሰው ለመሳብ ሲፎካከሩ ካሮትና ድንች ከ20 ፔንስ በታች የሸጡባቸው ዓመታት አሉ። ያን ጊዜ ማንም ገበያ አይችላቸውም። እኛ ደግሞ ያኔ ጾም ላይ ነን፣ የእኛ ገና ከ13 ቀን በኋላ ነው። ድንቹን ጨለማ ቦታ አስቀምጡት፣ ካሮቱን ከላስቲኩ አውጥታችሁ ወረቀት ጠቅልሉበትና ፍሪጅ አስገቡት፣ እስከ ዋዜማው ለአልጫው ይደርሳል።